የቀለም ቀቢው ማስክ

ይህን የምጽፈው ስለቆጨኝ ነው። ኮሮና በገባ ሰሞን ሊያድነን የሚችል ዕቃ ነበር። አዲስ ፈጠራ አልነበረም፣ ያን ያህል ውድም አልነበረም። የአጎቴ ልጅ የሥራ መኪና ውስጥ፣ ከቀለም ባልዲና ከብሩሽ ጋር ተቀምጦ ነበር።

ስለ ራሴ በአጭሩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ፣ የቲቢ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። በ2014 ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ መጣሁ። (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እንደ ብዙዎቻችን ከታች ጀመርኩ። ነርሲንግ ሆም ገብቼ አረጋውያን ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ ያዝኩ። ወረርሽኙ የመጣው እዚያ እያለሁ ነው። ስለዚህ ማስክ ለእኔ በ2020 የተጀመረ ነገር አይደለም።

ከአዲስ አበባው ልነሳ። እኛ ክፍል የሚተኙት አብዛኞቹ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ነበሩ። ቲቢ በአየር ይተላለፋል፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት የነርስ ተማሪም ያውቀዋል። በሽተኛው ሲያስል ወይም ሲያወራ የሚወጣው ደቃቅ ነገር ወዲያው መሬት አይወድቅም። ክፍሉ ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ስለዚህ ደንቡ ግልጽ ነው። ሰማያዊውን ሰርጂካል ማስክ በሽተኛው ያደርጋል፣ ከእሱ የሚወጣውን እንዲያስቀር። ሠራተኛው ኤን 95 ያደርጋል፣ ወደ ራሱ የሚገባውን እንዲያጣራለት። መስኮት ይከፈታል። በቃ ይኸው ነው።

የእኛ ኑሮ ግን ሌላ ነበር። ኤን 95 ሲመጣ ይመጣል፣ ሲጠፋ ለወራት ይጠፋል። አንዷን ማስክ ለሳምንታት እንጠቀምባት ነበር። ማታ በፌስታል ጠቅልለን መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጣታለን፤ ፌስታል እርጥበት እንደሚይዝ የነገረን አልነበረም። ላስቲኳ ሲላላ እንቋጥራታለን። ካርቶኑ ውስጥ ያለው አንድ ልክ ብቻ ነው። ትልቅ ፊት፣ ቀጭን ፊት፣ ሰፊ አፍንጫ፣ ሁሉም ያንኑ ያደርጋል። በስድስት ዓመት ውስጥ «ፊትሽ ላይ በደንብ ገጥሟል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

በ2012 አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ታመመች። መድኃኒት የተላመደው ቲቢ ነበር። ሕክምናው ያኔ ወደ 20 ወር ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ ስምንት ወር ገደማ መርፌ አለው። መርፌው የጆሮን ነርቭ ይጎዳል። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። የግራ ጆሮዋ ግን ሳይመለስ ቀረ። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር የምትለኝ አንድ ነገር ነበር፦ «አድርጌ ነበር እኮ። አንድ ቀን እንኳ አውልቄው አላውቅም።» እውነቷን ነው። እኔ ምስክር ነኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ባሕር ተሻግሬ ነው።

አሁን ወደ ሜሪላንድ።

መጋቢት 2020 ሲሆን ነርሲንግ ሆማችን ለጠያቂ ተዘጋ። በመጀመሪያው ሳምንት በየሽፍቱ አንድ ሰርጂካል ማስክ ይሰጠን ነበር። ከዚያ ለሳምንት አንድ ሆነ፤ ስማችንን የጻፍንበት የወረቀት ከረጢት ውስጥ አስቀምጠን እንድንሄድ። ኤን 95 ለምን አይሰጠንም ስንል «የለም» ተባልን። እውነትም አልነበረም። አሜሪካ ለክፉ ቀን የምታስቀምጠው የመንግሥት መጋዘን በ2009 የኤች1ኤን1 ጉንፋን ጊዜ 85 ሚሊዮን ገደማ ኤን 95 አውጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በበቂ አልተተካም። አሥር ዓመት ሙሉ! በ2020 የጤና ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ወረርሽኙ ከበረታ በዓመት 3.5 ቢሊዮን ማስክ ያስፈልጋል ሲሉ እጃቸው ላይ የነበረው 1 በመቶ ገደማ ነው። የዓለም ማስክ ግማሽ የሚሆነው ደግሞ ቻይና ይመረት ነበር፤ እሷም ለራሷ ፈልጋዋለች። በዚያ ወር የወጣ የመንግሥት መመሪያ ሌላው ሁሉ ካለቀ ሠራተኛው በስካርፍ ወይም በመሀረብ አፉን ይሸፍን ይላል። አንብቤ ማመን አቃተኝ። በሀብታም አገር ነጠላዬን ተከናንቤ በሽተኛ ላገላብጥ ነው?

መጋቢት 28 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ በአየር አይተላለፍም ብሎ ጻፈ። በእጅና በጠብታ ነው፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ራቁ። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት የማየው ሌላ ነበር። ከአልጋቸው የማይነሱ፣ ከክፍላቸው ወጥተው የማያውቁ ሰዎች በሩ እንደተዘጋ ይታመማሉ። ከኮሪደሩ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ። የቲቢ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት ትችላላችሁ። ሐምሌ ላይ 239 ሳይንቲስቶች ተሰባስበው «በአየር ነው፣ ተነሱ» ብለው ጻፉ። ድርጅቱ በግልጽ «በአየር» ለማለት ግን እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ፈጅቶበታል። የቃል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በጠብታ ነው ከተባለ ሰማያዊው ማስክ ይበቃል። በአየር ነው ከተባለ አይበቃም። እኛን የሚያለብሱን ዕቃ የሚወሰነው በዚያች አንድ ቃል ነበር።

ይህ ደግሞ አዲስ ጥፋት አይደለም። በ1910 መጨረሻ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ማንቹሪያ ውስጥ የሳንባ ወረርሽኝ ገብቶ ዉ ሊየን-ቴ የሚባል ወጣት ሐኪም ተላከ። በሽታው በትንፋሽ ነው የሚጋባው፣ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍኑ አለ። ራሱም ጥጥና ሻሽ ደራርቦ ማስክ ሠራ። ሜኒ የሚባል የፈረንሳይ አንጋፋ ሐኪም አልቀበልም ብሎ ያለ ማስክ በሽተኛ ሊያይ ገባ። በቀናት ውስጥ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ማስክ አደረገ። በየዘመኑ «በአየር ነው» የሚለው ሰው እስኪታመን የሚከፈለው ዋጋ አለ። የሚከፍለው ደግሞ በሽተኛው አጠገብ የቆመው ነው።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የአጎቴ ልጅ ቤታችን መጣ። በር ላይ ቆሞ ነው ያወራን። ቤት ቀለም ነው የሚቀባው። እዚህ አገር ከ1978 በፊት የተሠሩ ቤቶች እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖራቸው ይችላል። አሮጌውን ቀለም ሲፍቁ ብናኙ መርዝ ስለሆነ ጠንከር ያለ ማስክ ያደርጋሉ። ያን ማስኩን አምጥቶ ሰጠኝ። «ሥራ የለም፣ አንቺ ውሰጂው፤ እኔ ቤት ነኝ» አለኝ።

ምን እንደሚመስል ልግለጽላችሁ። ለስላሳ ሲሊኮን ነው፤ ከአፍንጫ አጥንት እስከ አገጭ በታች ይይዛል። በግራና በቀኝ ክብ ሮዝ ማጣሪያ ተገጥሞለታል። ሁለት ማሰሪያ አለው፣ አንዱ በአናት አንዱ በማጅራት። ማጣሪያው ፒ100 ይባላል። ደቃቁን ብናኝ 99.97 በመቶ ያስቀራል። ኤን 95 ቢያንስ 95 በመቶ ነው። ማስኩን አጥቤ አዲስ ማጣሪያ ገጠምኩ። ፊቴ ላይ ሳስረው አየር ከየትም ሾልኮ አልገባም። ከስድስት ዓመት የቲቢ ክፍል በኋላ በሕይወቴ የመጀመሪያው እውነተኛ ማስክ ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሁለት ሌሊት ሠራሁበት። በሦስተኛው ተቆጣጣሪዋ ጠራችኝ። አረጋውያኑን ያስፈራል፣ የኛ ዕቃ አይደለም፣ ሌሎቹም እንዲህ ያለ ይጠይቁናል፣ አውልቂው አለችኝ። ይህ ማስክ ናዮሽ በሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም የጸደቀ ነው ብዬ ጽሑፉን አሳየኋት። አልሆነም። የቤት ኪራይ አለ፣ ልጆች አሉ፣ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። አወለቅኩት። ሰማያዊዋን ከወረቀት ከረጢቷ አውጥቼ አደረግኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አሥር ቀን አልሞላም። ቡና እየተቆላ ሽታው ጠፋኝ። ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ሳል። እኔ ቤት ተኝቼ አለፈልኝ። እናቴን ግን አምቡላንስ ወሰዳት። 11 ቀን ኦክስጅን ላይ ቆየች። በስልክ ጸሎት እያደረግን አሳለፍነው፤ ተመለሰችልን። ሥራ ስመለስ ከማጥባቸውና ከማበላቸው ሰዎች ሰባቱ አልጋቸው ባዶ ነበር። አንዱ ጡረታ የወጡ የፖስታ ሠራተኛ ነበሩ። «እንደምን አደርሽ» ማለት አስተምሬያቸው ጠዋት ጠዋት ሳልቀድማቸው ይሉኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ በኮቪድ ከሞቱት አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት እንዲህ ካሉ ቤቶች ናቸው። በሽታውን ወደ ውስጥ የምናስገባው ደግሞ እኛ ሠራተኞቹ ነበርን። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን እውነት ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ሆስፒታል ሥራ አገኘሁ። ገና ከመጀመሬ «ፊት ቴስት አለሽ» አሉኝ። በእንግሊዝኛው ልክሽ መሆኑን ማየት ማለት ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን ፊት የምንለው ፊት ነው፣ ትርጉሙም አይርቅም። ጭንቅላቴ ላይ ሰፊ ከረጢት የመሰለ፣ ፊት ለፊቱ የሚያሳይ ፕላስቲክ የሆነ ነገር አጠለቁልኝ። መጀመሪያ ያለ ማስክ አንድ ፈሳሽ ረጩበት። እንደ ኮሶ መራራ ነው። መቅመሴን ካረጋገጡ በኋላ ኤን 95 አድርጌ ደገሙት። በደንብ ተንፍሺ፣ ወደ ግራና ቀኝ ዙሪ፣ ወደ ላይ ወደ ታች እዪ፣ አጎንብሺ፣ ይህን ጽሑፍ ጮክ ብለሽ አንብቢ። አንገቴን ወደ ግራ ሳዞር ምላሴ ላይ ኮሶው መጣ።

ማስኩን አየሁት። አዲስ አበባ ካርቶን ሙሉ ይመጣልን የነበረው፣ ለዓመታት ያደረግኩት ዓይነት ነበር። ያችው ቅርጽ፣ ያው ልክ።

እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የምትፈትነኝ ልጅ ደነገጠች፤ መራራው የጎዳኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ። እኔ የማስበው ጓደኛዬን ነበር። አድርጋ ነበር እኮ። ማስኩ ፊቷ ላይ ነበር፤ አየሩ ግን በጉንጯ በኩል ነበር የሚገባው። ሁለተኛ ዓይነት፣ አነስ ያለ አመጡልኝ፤ እሱ ገጠመ። ሦስት ደቂቃ ያልፈጀ ልዩነት ነው። የማስክ ልኬት ለብዙ ጊዜ የተመሠረተው በ1960ዎቹ በተለካ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰዎች ፊት ላይ እንደነበር በኋላ አነበብኩ። የኔ ፊት፣ የጓደኛዬ ፊት እዚያ ውስጥ አልነበረም።

ጉዳዩን እንደገባኝ ላስረዳ። የኤን 95 ጨርቅ ተራ ወንፊት አይደለም። በጣም ቀጭን የፕላስቲክ ክሮች ናቸው፣ ኤሌክትሪክ ተሞልተው። ጸጉር ስናበጥር ማበጠሪያው ጸጉሩን እንደሚስበው፣ ክሮቹም ብናኙን ስበው ይይዙታል። ይህን የመሙላት ዘዴ ያሻሻለው ፒተር ጻይ የሚባል የታይዋን ተወላጅ የአሜሪካ ሳይንቲስት ነው፤ በ2020 ከጡረታ ተመልሶ ማስክ እንዴት እንደሚጸዳ ሲመራመር ነበር። ኤን 95ን በሳሙና ወይም በአልኮል ያጠበ ሰው ያን ኤሌክትሪክ ነው የሚያጠፋው። መልኩ ያው ነው፣ ማጣራቱ ግን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ሳለሁ አልኮል የምንረጭበት ነበርን። እባካችሁ አትርጩበት። ከመጣል መልሳችሁ መጠቀም ካለባችሁ በወረቀት ከረጢት፣ ደረቅ ቦታ፣ ለጥቂት ቀን አሳርፉት። ላስቲኩ ከላላ ወይም ከረጠበ በቃ አልቋል።

ጨርቁ ምንም ጥሩ ቢሆን አየር ሰነፍ ነው፤ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በጉንጭ ወይም በአፍንጫ አጠገብ ቀዳዳ ካገኘ በዚያ ነው የሚገባው። ሰማያዊው ማስክ ዙሪያውን ክፍት ነው። መነጽር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ መነጽሩ የሚደበዝዘው ትንፋሻችሁ በላይ እያመለጠ ስለሆነ ነው። የሚወጣበት ደግሞ መግቢያም ነው።

ታዲያ ሰማያዊው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ባንግላዴሽ ውስጥ በ600 መንደሮች፣ ከ340,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት አለ። ማስክ ታድሎ፣ ሰው በሰው ተመክሮ፣ የሚያደርገው ከ13 በመቶ ወደ 42 በመቶ ብቻ ነው ያደገው። ያም ሆኖ ሰርጂካል በታደለባቸው መንደሮች በሽታው በ11 በመቶ ቀነሰ፤ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት 35 በመቶ ገደማ። የጨርቁ ማስክ ውጤት ግን ያን ያህል ግልጽ አልነበረም። እኔ ይህን ሳነብ የማስበው እንዲህ ነው፦ ዙሪያው ክፍት የሆነ ማስክ፣ ግማሽ ሰው እንኳ ሳያደርገው ይህን ያህል ከረዳ፣ በደንብ የሚገጥመውን ይዘን ብንጀምርስ ኖሮ?

እኔ የምሟገተው ለዚያ ለሲሊኮኑ ነው። የሆስፒታል ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው ነገሩ እንግዳ አለመሆኑን ያወቅኩት። እዚሁ ባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከ2009 ጀምሮ ሲጠቀምበት ነበር፤ ከኔ ነርሲንግ ሆም የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ፒትስበርግ ያለው አሌጌኒ የሆስፒታሎች መረብ በ2020 ኤን 95 ሲጠፋ ለሠራተኞቹ ይህንኑ አደለ። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ የቲቢ ሕሙማንን የሚያክም የመንግሥት ሆስፒታል ከኮቪድ በፊት ለዓመታት ሠራተኞቹን በዚህ ሲጠብቅ ኖሯል። የቲቢ ሆስፒታል! ይህን ሳውቅ ደሜ ፈላ።

አንዱ ማስክ ዓመታት ያገለግላል። ፊት ላይ የሚያርፈው ክፍል በሳሙና ይታጠባል ወይም በፀረ ጀርም ይጠረጋል። ማጣሪያው እርጥበትና ቆሻሻ ካልነካው ለወራት ይቆያል። ዋጋው እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 50 ዶላር ነው። በቀን አራት አምስት ኤን 95 ከሚጥል ሠራተኛ ጋር አስሉት። ከሁሉ በላይ ግን አውሮፕላን አይጠብቅም። መጋቢት 22 ቀን 2020 ቦሌ ያረፈውን የቻይናዊውን ባለሀብት የጃክ ማን ዕርዳታ ታስታውሳላችሁ፤ ለእያንዳንዱ የአፍሪካ አገር 100,000 ማስክ። ተመስገን ነው፣ ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ስንት ቀን ያዘልቃል? የኛ የስፌት ፋብሪካዎችም ማስክ ሰፍተዋል። መስፋቱ አይደለም ችግሩ፣ ማጣሪያ ጨርቁ ነው። መሳቢያው ውስጥ የራሱ ሲሊኮን ማስክ ያለው ሐኪም ግን ወሬው ከተሰማበት ቀን ጀምሮ ዝግጁ ነው።

ችግሩንም ልንገራችሁ፣ አልደብቅም። ድምፅ ያፍናል፤ ጆሮ ለደከመው በሽተኛ ከፍ አድርጎ መናገር ይጠይቃል። ያልባል። ልብ ወይም ሳንባ የሚያስቸግረው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባያደርገው ይሻላል። ብዙዎቹ ዓይነቶች ትንፋሽ የሚወጣበት ቫልቭ አላቸው፣ «ታዲያ ሌላውን አይከላከልም» የሚሉት ለዚህ ነው። ናዮሽ ቫልቭ ያላቸውን እንደ ኤን 95 ያሉ ማስኮች ፈትሾ የሚያስወጡት ከሰርጂካል ማስክ እንደማይብስ አግኝቷል። አሁን ደግሞ ቫልቭ የሌላቸው፣ የሚወጣውንም የሚያጣሩ መጥተዋል። ለሆስፒታል እነሱ ይሻላሉ።

ጺም ሌላው ነው። የነፍስ አባቴን ሳማክር «ልጄ፣ እኔ ጺሜን አልላጭም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ላጩ ማለትም አይገባም። ግን ጺም ላይ የትኛውም የሚገጥም ማስክ አይገጥምም፣ በፀጉሩ መሀል አየር ይገባል። ለካህናትም፣ ጺም ለሚያሳድጉ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ሙሉ ራስን የሚሸፍንና በባትሪ ንጹሕ አየር የሚነፋ ዓይነት አለ። ውድ ነው፤ ለሆስፒታል እንጂ ለቤት አይሆንም። ለአባ የመከርኳቸው ኤን 95 ያድርጉ፣ ከሰማያዊው ይሻላል፣ ኑዛዜ ሲቀበሉና ሕመምተኛ ሲጎበኙ ግን መስኮት ያስከፍቱ ብዬ ነው።

ቤታችሁ ምን አስቀምጡ ለምትሉኝ፣ እኔ ያለኝን እነግራችኋለሁ። ለአዋቂው ሁሉ አንዳንድ ሲሊኮን ማስክና ሁለት ጥንድ ማጣሪያ፣ የገዛሁበትን ቀን ጽፌበት። በተጨማሪ አንዳንድ ፓኬት ኤን 95። አሜሪካ ያላችሁ ኤን 95 ስትገዙ ናዮሽ የሚለው ጽሑፍና ቲሲ-84ኤ ብሎ የሚጀምር ቁጥር ላዩ ላይ መኖሩን እዩ። ማሰሪያው በጭንቅላት ዙሪያ ነው፣ ሁለት። በጆሮ የሚንጠለጠል ሆኖ ኤን 95 ነኝ ካለ ተጠራጠሩ። አውሮፓ ያላችሁ ኤፍኤፍፒ2 የሚለውን ፈልጉ፤ በጥር 2021 ኦስትሪያና የጀርመኗ ባቫሪያ ሱቅና ባቡር ውስጥ ይህን ማድረግ ግዴታ አድርገው ነበር። ከአንድ ዓይነት ብዙ ከመግዛት በፊት ከሁለት ሦስት ዓይነት አንዳንድ ገዝታችሁ ሞክሩ። ልክ የሆነውን ፊታችሁ ይነግራችኋል።

አሞካከሩ እንዲህ ነው። ኤን 95 ሲሆን ብረቷን በሁለት እጅ ጣት አፍንጫችሁ ላይ ተጫኑ፤ በአንድ እጅ ስትቆነጥጧት መሀሏ ላይ ቀዳዳ ትሠራለች። ከዚያ ሁለት መዳፋችሁን ላዩ ላይ ሳትጫኑ አድርጋችሁ በኃይል ተንፍሱ። ዓይናችሁ ሥር ወይም ጉንጫችሁ ላይ ንፋስ ከተሰማችሁ አልገጠመም። ሲሊኮኑ ሲሆን ሁለቱን ማጣሪያ በመዳፍ ዘግታችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ። ወደ ፊታችሁ ተጣብቆ ከቀረ ልካችሁ ነው። ይህ ባደረጋችሁ ቁጥር የሚደረግ ነው። የመራራውን ፈተና አይተካም፤ ሆስፒታል የምትሠሩ ያንን ጠይቁ። እዚህ አገር ለሥራው ማስክ ግዴታ ከሆነ አሠሪው በየዓመቱ ሊፈትናችሁ በሕግ ይገደዳል። ነርሲንግ ሆምም ቢሆን። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ዝም ብዬ ያወለቅኩት።

ለአገር ቤት ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ማስክ ሲመጣ ለሐኪምና ለነርስ ይታደላል። ጽዳቷን የሚያስታውስ የለም። በር ላይ የቆመውን ዘበኛ የሚያስታውስ የለም። አስታማሚዋንማ ተዉት። እኛ አገር በሽተኛውን የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው፣ ሌሊት አልጋው ሥር የሚተኛው ቤተሰብ ነው። ከሁላችን በላይ ያን አየር የምትስበው እሷ ናት። ዕቃ የምትልኩ ማኅበሮች፣ የሙያ ማኅበራት፣ በየክልሉ ያላችሁ የጤና ቢሮዎች፣ ቁጥሩን ስታሰሉ እነዚህን ቁጠሩልኝ። አሁን፣ ወረርሽኝ በሌለበት፣ ዋጋው ባልናረበት ጊዜ። ፊትም የሚለካው አሁን ነው። ሲመጣማ ማን ጊዜ አለው?

አያቴ በየዓመቱ፣ በኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን፣ ቆሻሻ ጠርጋ በር ላይ ታጨስ ነበር። የ1918ቱ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን እንዴት እንዳረገፈ ከእናቷ ሰምታለች፤ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ጭሱ በሽታውን አያጠፋውም። ግን እነዚያ ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፦ በሽታው አየሩ ላይ ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ያንን ሳንረሳ ጭሱን አቆይተናል። ልጆቼ ጭሱ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ አሁን ማስኩንም አብሬ አሳያቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አንድ ሲሊኮን ማስክና አራት ጥንድ ማጣሪያ ይዞልኝ እንዲሄድ አደረግኩ። ለጓደኛዬ ነው። እዚያው የቲቢ ክፍል ትሠራለች፤ ቀይሩኝ አላለችም። ከመላኬ በፊት በቪዲዮ ፊቷን በሜትር አስለካኋት፣ ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ። ትንሹ ልክ ነበር የሚሆናት። ሲደርሳት ደወለችልኝ። አድርጋው፣ ሁለት መዳፏን ማጣሪያው ላይ ጭና ወደ ውስጥ ሳበች። ፊቷ ላይ ተጣበቀ። እንደዚያው ጥቂት ቆየችና አወለቀችው። በደህናው ጆሮዋ ስልኩን ይዛ «አየር አልገባም» አለችኝ። ቀጥላም የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ፊት ሰፋ ያለ እንደሆነ ነገረችኝ። መካከለኛውን ልክ አንድ ላኪላት አለችኝ።